ሙሴ ኦክታቭ ጠብቅልኝ ያሉኝ ድንጋይ

በልጄ በፀሐይ የልደት ቀን ዝም የምል ሰው ነኝ። ቤተሰቡ ለምዶታል። ኬኩ ይቆረጣል፣ የልጅ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ይዘፍናሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ እጆቼን አያለሁ። ፀሐይ አንዳንዴ ሰሃን እያቀበለችኝ «አባዬ፣ ዛሬም እጅህን ልታነብ ነው?» ትለኛለች። እናቷን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እያሰብኩ ይመስላታል። እኔም ተሳስተሻል ብያት አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ጉዳይ አንስቶ የልጅን ልደት ማደፍረስ ምን ይጠቅማል ብዬ ነው። ዘንድሮ ግን ነገሩ በራሱ መንገድ መጣ፤ እኔም እንደመጣልኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አልዘለለም፤ ሐሳቤ ወዲያ ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሰኝ።

ልደቱ ቅዳሜ ዋለ። ፀሐይ ቱክዊላ ባለው መጋዘን ፈረቃ ስለነበራት ድግሱ ለእሑድ ተላለፈ። በዚያው ቅዳሜ ትልቋ የልጅ ልጄ ሊያ «አባባ፣ ዛሬ ከቤት ትወጣለህ፣ የማሳይህ ነገር አለ» አለችኝ። ሊያ ኮሌጅ ሥዕል ትማራለች። እናቷ ነርስ እንድትሆንላት ነበር የምትፈልገው፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ከሬንተን ተነስተን ሲያትል መሃል ከተማ ገባንና ፓርክ ለማድረግ ሦስት ጊዜ ዞርን። እኔ ሲታክ ኤርፖርቱ አጠገብ አሥራ አራት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። «እዚች ጋ እኮ ትገባለች» ስላት «አባባ፣ ኖ፣ ቀይ መስመር ነው» ትለኛለች። እንዲህ እየተከራከርን ዝናቡ ውስጥ ትንሽ ተራምደን አንድ የሥዕል አዳራሽ ደረስን።

በሩ ሲከፈት ሽታው ቀደመኝ። እርጥብ ድንጋይ፣ የተልባ ዘይት የገባበት ቀለም፣ ከኋላው ደግሞ አፍንጫ የሚቆነጥጥ አሲድ። እግሬ እዚያው ቆመ። ከአዳራሹ ጥግ ሽርጥ ያደረገ ጎረምሳ ጠረጴዛ በሚያህል ግራጫ ድንጋይ ላይ ጥቁር ቀለም በሮለር እያንከባለለ ለተመልካች ያሳያል። «አባባ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ ሊያ። ያን ሽታ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸተትኩት ወጣት ሆኜ ነው፤ ጸጉሬ አፍሮ፣ ሱሪዬ ቴርጋል በነበረበት ጊዜ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች አየሁ። ከሁሉ ፊት አንድ ጆሮዋ የወደቀ አህያ ቆማለች።

«ይቺን አህያ አውቃታለሁ» አልኩ።

ሊያ ሳቀች። «አባባ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ፈረንሳዊ ነው። የፖስተር ሰዓሊ። ድሮ ኢትዮጵያ ኖሯል ስላሉ ነው ያመጣሁህ።»

«ሰውየው ፈረንሳዊ ይሁን፤ አህያዋ የጋሽ ወልዴ ናት። አሸዋ ታመጣልን ነበር።»

ማተሚያ ቤታችን ከፒያሳ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ነበር። ፊት ለፊቱ ጫማ በአሥር ሳንቲም የሚያስጠርጉበት ጥላ፣ አጠገቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሸክላ የሚያዘፍን ሙዚቃ ቤት። ያን ጊዜ አንድ ዘፈን ከወጣ ወር ሙሉ እሱኑ ነው የምትሰማው፤ ሥራችንን የምንሠራው በዘፈኑ ምት ነበር፤ ዘፈኑ ሲፈጥን እጃችን ይፈጥናል። እኔ ድንጋይ አሺ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ዛሬ ማን ያውቃል? ሰዓሊው በቅባት እርሳስ ሥዕሉን ድንጋይ ላይ ይሥላል፤ ከድንጋዩ ላይ ወረቀቱ ይታተማል። ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩ ታሽቶ ንጹሕ ይሆንና ሌላ ሥዕል ይሣልበታል። የሚያሸው እኔ ነኝ። በትልቁ ድንጋይ ላይ አሸዋና ውሃ እጨምራለሁ፣ ሌላ ትንሽ ድንጋይ ደርቤበት ጎንበስ ብዬ አዞራለሁ፣ አዞራለሁ። የሚወርደው ጭቃ ነጭ ነው፤ ከጥፍር ሥር ሳምንት አይወጣም። ስንት ቆንጆ ነገር በእጄ እንደጠፋ አልቆጥረውም። ሥራው እሱ ነበር፤ ማጥፋት።

ሰዓሊውን ሙሴ ኦክታቭን መጀመሪያ ያየኋቸው ከዘበኛችን ጋር በር ላይ ሲጨቃጨቁ ነው። ሰማያዊ የሠራተኛ ካፖርት ለብሰው በእግራቸው ነበር የመጡት፤ ዘበኛው ደግሞ ፈረንጅ በእግሩ መጣ ሲባል ጨርሶ አልተዋጠለትም። «መኪናህ የታለ? እንግዲያው ማነህ?» ይላቸዋል። እሳቸው ከኪሳቸው የቅባት እርሳስ አውጥተው የበሩ ግድግዳ ላይ ዘበኛውን ራሱን፣ በዱላውና በቆቡ፣ ሳሉት። ዘበኛው አየና በሩን ከፈተ። ያ ሥዕል ግድግዳው በቀለም እስኪሸፈን ድረስ ቆይቷል፤ ዘበኛውም ማንም እንዳይነካው ከበሩ ይልቅ እሱን ነበር የሚጠብቀው።

የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ ነበሩ። ሥራ የጀመሩት የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ዓሣ በመሣል እንደሆነ አጫውተውኛል። ከዚያ ፓሪስ ገብተው ለሰርከስ፣ ለብስክሌት፣ ለሳል ከረሜላ ማስታወቂያ ሳሉ። እኛ አገር የመጡት ቱሪስት የሚጋብዙ ሥዕሎች ሊሠሩ ለሦስት ወር ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። የሲኒማውን ሥዕል እሳቸው፣ የሳሙናውን እሳቸው፣ ልጆች የሚማሩበትን የንባብ መጽሐፍ ሥዕል እሳቸው። የጋሽ ወልዴ አህያ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ገብታ በየክፍለ አገሩ ታወቀች። ጋሽ ወልዴም «አህያዬ ከኔ ቀድማ ትምህርት ቤት ገባች» እያሉ ሲኩራሩ ኖሩ።

አንድ እምነት ነበራቸው። «የሚሮጥ ሰው ማንበብ አይችልም። እኔ የምሥለው ለሚሮጥ ሰው ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ያኔ ማንበብ የማልችለው እኔ ዳኛ ሆንኩላቸው። አዲስ ሥዕል ሲጨርሱ ይጠሩኛል፣ ጽሑፉን በመዳፋቸው ይሸፍኑና «ተፈራ፣ ምን ይላል?» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ለሳሙና ማስታወቂያ ነጭ ሸሚዝ ገመድ ላይ አንጠልጥለው፣ ባለቤቱን ከሥሩ በደስታ እጁን ዘርግቶ ሳሉት። «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ሰውየው ልብሱን ሊሰርቁበት ነው» አልኳቸው። ወረቀቱን እዚያው ቀደዱት። ተናደዱብኝ ብዬ ስፈራ፣ ማግሥቱን ሌላ ሥለው ይዘው መጡ።

ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍላቸው ደግሞ ፊት ለፊቱ ካለው ኬክ ቤት ይቀመጣሉ። ማኪያቶ ስሙኒ ነበር። ማኪያቶዋን ይዘው ደብተር ላይ ሰረዝ ሰረዝ ያደርጋሉ። ሥዕሉን ለማየት የዞረውን አንገት ሁሉ ይቆጥራሉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ዘነበች የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ወረቀት ላደርስ ሄጄ ቆሜ ሰማሁ።

«ሙሴ፣ ሁልጊዜ ምን ይቆጥራሉ?»

«አንገት። የኔን ሥዕል ለማየት የዞረ። ዛሬ አርባ ሁለት!»

«ከአርባ ሁለቱ ሠላሳው እኮ መንገድ ሊሻገር ሲል መኪና ያየ ነው» አለቻቸው።

ደብተሩን ዘጉ። ማግሥቱን ማቋረጫ የሌለበት ግድግዳ ላይ አስለጥፈው ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ አንገት ብቻ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዳኛ ሆንንላቸው፣ እኔና ዘነበች። እኔን አከበሩኝ፤ እሷን አገቧት።

ኢቬት የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ እግር ስታወጣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ድንጋዮቹን እንደ ከበሮ እየመታች ትዞር ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ታመመች፤ አንድ ሳምንት አልቆየችም፣ ሞተች። ሙሴ ኦክታቭ ልጅቱን እናታቸው ዘንድ ፈረንሳይ ላኩ። ከአርባው በኋላ ወደ ሥራ ተመልሰው መጡና «ተፈራ፣ ያለንን ጥሩ ድንጋይ» አሉኝ። ግራጫውን፣ ጠንካራውን አወጣሁ። ሦስት ቀን በደቂቅ አሸዋ አሸሁት፤ እንደ መስታወት እስኪሆን። ከዚያ እሳቸው ከአንድ ወር በላይ ዘነበችን ሳሉበት። ሌላ ሰው ክፍሉ አይገባም፤ እኔ ዝም ስለምል ነው መሰል አላስወጡኝም። እርሳሳቸውን እቀርጻለሁ፣ አያለሁ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ይታተማል ብዬ ስጠብቅ አኳራጅ የሚሉትን ቀለም ማስለቀቂያ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ከዳር እስከ ዳር አበሱት። ጥቁሩ ሁሉ ለቀቀ። ድንጋዩ ባዶ ሆነ። እኔ ጮህኩ መሰለኝ። ሳቁ፤ ዘነበች ከሞተች ወዲህ ሲስቁ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አይዞህ ተፈራ። ድንጋይ አይረሳም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቅባቱ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ቀለም ቢነሳም፣ ዓመት ቢቆይም፣ በእርጥብ ስፖንጅ ካበሱት በኋላ ቀለም ሲያንከባልሉበት ሥዕሉ ተመልሶ ይመጣል። «በክረምት ኢቬት ለዕረፍት ትመጣለች። ቀለሙን እሷ ራሷ ታንከባልላለች። እናቷ ዓይኗ እያየ ትመጣላታለች» አሉ። ሙጫ ቀብተው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡት። አንዲት ቅጂ እንኳ አላተሙም። የመጀመሪያዋ ለልጃቸው እንድትሆን ነበር ሐሳባቸው።

የዚያ ሥራ አንድ ሕግ አለው። ድንጋይ ባዶ ቢመስልህም ባዶ ነው አትልም። ከማሸትህ በፊት በእርጥብ ስፖንጅ አብሰህ ወደ መስኮቱ አዘንብለህ ታያለህ። ሥዕል ካለበት ውሃው ቅባቱ ላይ አይቆምም፤ እንደ ጥላ ሆኖ ይታይሃል። ለማየት የሚፈጀው አንድ ጸሎት የማድረስ ያህል ጊዜ እንኳ አይሆንም። አንድ ቀን ለበዓል ግድግዳውን ኖራ ሊቀቡ የመጡ ሰዎች ድንጋዮቹን ሁሉ አንስተው ግቢ ውስጥ ከመሩብን። ወረቀቱ ተቀደደ፣ የት የነበረው የት እንደሆነ ተደባለቀ። በማግሥቱ ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ በሩ ላይ መጥታ «ጋሼ ተፈራ፣ ምጥ ይዟታል!» ብላ ጮኸች። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። አለቃዬ «አንድ ትልቅ ድንጋይ አዘጋጅተህ ሂድ» አለኝ። ክምሩ አናት ላይ ያለውን ወስጄ አሸዋና ውሃ ደፋሁበት። ስፖንጁ አጠገቤ ነበር። አላበስኩም።

ከቀኝ ጎኑ ጀመርኩ። ከወገቡ ስደርስ ጭቃውን በውሃ አጠብኩት፤ ውሃው ወደ ግራ ሲፈስስ ከሥሩ አንድ ዓይን አየኝ። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ አንገት። ሌላው ግማሽ እጄ ላይ ነጭ ጭቃ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው መቆም የነበረብኝ። ሙሴ ኦክታቭ ያን ቀን ቤታቸው ነበሩ፤ ሄጄ «ሙሴ፣ ግማሹን አጠፋሁ፣ ግማሹ አለ» ማለት እችል ነበር። ግማሽ ፊት ፊት ነው። ግን ፈራሁ። ሥራዬን፣ ስሜን፣ ከሁሉ በላይ የሰውየውን ፊት ፈራሁ። ትንሹን ድንጋይ አንስቼ መልሼ ጫንኩና ቀሪውንም አሸሁት። እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ እሱን የሚመስል ሌላ ባዶ ድንጋይ ሙጫ ቀብቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር አቆምኩ። ቤት ስደርስ ሴቶቹ እልል እያሉ ጠበቁኝ። ፀሐይን ሰጡኝ፤ በዚያ እጅ ተቀበልኳት።

ክረምት ሲመጣ የኢቬት አያት ታመመችና ልጅቱ ቀረች። ቀጥሎ ጊዜው ተለወጠ። ስለ ጊዜው የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ እኔ የማስታውሰው ሙዚቃ ቤቱ ሸክላውን ትቶ ዜና ማሰማት መጀመሩን ነው። ፈረንጆቹ መሄድ ጀመሩ። ሙሴ ኦክታቭ በአንዲት ሻንጣ ነው የወጡት። በመጨረሻው ቀን ወደ ግድግዳው ወሰዱኝና በወረቀት የተጠቀለለውን እየዳሰሱ «ተፈራ፣ ይህን ጠብቅልኝ። እኔ ባልመለስ እሷ ትመጣለች» አሉኝ። «እሺ ሙሴ» አልኩ። አቅፈው ሳሙኝ። አልተመለሱም፤ አገራቸው ሞቱ። ማተሚያ ቤቱ ተወረሰ፣ ተበተነ፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሌላ ሌላ ስሠራ ቆይቼ በልጄ በኩል እዚህ መጣሁ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልመለስ። ሊያ ከአንዱ ሥዕል ሥር ያለውን ጽሑፍ እያነበበች ትተረጉምልኛለች። ሰዓሊው የሟች ሚስቱን ምስል የያዘ ድንጋይ አዲስ አበባ ለታማኝ ሠራተኛው አደራ ሰጥቶ እንደነበር፣ በለውጡ ጊዜ እንደጠፋ፣ ልጁም እስከ ዛሬ እየፈለገችው እንደሆነ። «ታማኝ» የምትለውን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። «አባባ፣ ምነው? ታውቀዋለህ እንዴ ሠራተኛውን?»

«ሰውየው ጋ እሠራ ነበር» ከማለቴ ልጅቱ ስትበር ሄደች። ልይዛት አልቻልኩም። አንዲት ሴት ይዛ ተመለሰች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጸጉሯ በአጭሩ የተቆረጠ፣ ጉልበቷ ስለሚያማት የመደገፊያ ዱላ የያዘች። ከኤግዚቢሽኑ ጋር ከተማ ለከተማ እየዞረች ስለ አባቷ ትናገራለች። ኢቬት ነበረች።

«ተፈራ?» አለች። በአማርኛ። «ተፈራ ነህ? አንተ ተፈራ ነህ?» ልጅ ሆና የያዘችው አማርኛ ስለሆነ አንቱ የለውም። ሁለት እጄን ያዘችና አለቀሰች። ሊያም አብራ አለቀሰች፤ አያቷ ትልቅ ሰው ሆኖ ተገኝቷልና።

ወንበር አመጡልን። ኢቬት በእንግሊዝኛ ታወራለች፣ ሊያ ታስተላልፋለች። አባቷ በየደብዳቤያቸው «ድንጋዩ ተፈራ ጋ ነው» ይሏት እንደነበር። አዲስ አበባ አራት ጊዜ ሄዳለች። የድሮ ማተሚያ ቤት ጓሮ፣ የመንግሥት መጋዘን፣ ድንጋዩ ደረጃ ሆኖበታል የተባለ ግለሰብ ቤት ሳይቀር። ቦርሳዋን ከፍታ ስፖንጅ አሳየችን። ደረቅ፣ ቢጫ ስፖንጅ። ያገኘችውን ግራጫ ድንጋይ ሁሉ እያራሰች ወደ ብርሃን አዘንብላ ታያለች። «ሰዎች እብድ ይሉኛል» አለች። «የአዲስ አበባው ዝናብ ሲያባራ አምስተኛ ጊዜ እሄዳለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ። አሁን ግን አንተ ተገኘህ። የት እንዳስቀመጥከው ንገረኝ።»

ሊያ ወደኔ ዞረች። «አባባ፣ ማተሚያ ቤቱን መንግሥት ወሰደው አይደል? ስለዚህ አልቻልክም። ልንገራት?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ፣ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነበር። እሺ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ግን ሴትዮዋ አምስተኛ ጊዜ በዚያ ጉልበት የሰው ደረጃ ልታርስ ነው፤ ስድስተኛም ትሄዳለች። ያስቀመጥኩት የለም። የምታርሰው ሁሉ ባዶ ነው።

«አይ። የምልሽን ንገሪያት» አልኳትና ጀመርኩ። ኖራ ቀቢዎቹን፣ ምጡን፣ ያላበስኩትን ስፖንጅ። ሊያ ተረጎመች። ኢቬት እጄን አልለቀቀችም፤ «ኦ፣ ሚስኪን» ትላለች። ዓይኑን ወዳየሁበት ስደርስ፣ መልሼ ጫንኩ ስል ግን ሊያ ዝም አለች።

«ተርጉሚ።»

«አባባ፣ ይሄኛውን መናገር የለብህም። አክሲደንት ነበር በቃ። ሁለተኛውን ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ተርጉሚ።»

«ኖ። አልተረጉምም» አለችኝ፤ ዓይኗ ሞልቷል። ስለኔ ነው፣ ይገባኛል።

እንግሊዝኛዬ የመኪና ማቆሚያ እንግሊዝኛ ነው። እዚያ ስንቀጠር መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር የሰው መኪና ከጫርክ ባለቤቱ ከማየቱ በፊት ራስህ ሄደህ ንገረው የሚል ነው። ያኔ የለመድኳቸውን ቃላት ነበር ያገኘሁት። «ማዳም» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ያደረግሁት። የመጀመሪያው ግማሽ ስህተት። ሁለተኛው ግማሽ እኔ። አይቻታለሁ፣ አውቄ አጠፋሁ። አባትሽ ጠብቅ ሲሉኝ ድንጋዩ ባዶ ነበር። እሺ አልኩ። አትሂጂ። የለም።»

እጄን ለቀቀች። ዱላዋን ይዛ ተነስታ እስከ ግድግዳው ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። አዳራሹ ውስጥ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ጎረምሳው ቀለሙን ያንከባልላል። ሊያ ክንዴን ይዛ «አባባ፣ እንሂድ ፕሊስ» አለችኝ። ካፖርቴን አንስቼ ልቆም ስል ኢቬት ተመለሰች። ፊቷ ደርቋል።

«ምንም አይደለም ልልህ አልችልም» አለችኝ።

«አልጠየቅሁሽም።»

«አባቴ እስኪሞት አንተን አምኖ ነው የሞተው።»

«አዎ።»

ወንበሯን ስባ ጉልበታችን እስኪነካካ ተጠግታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንግሊዝኛው እንዲገባኝ አንድ አንድ ቃል እያደረገች፣ ሥዕሉን ከእኔና ከአባቷ ሌላ ያየ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። አንተስ እስከ ምን ድረስ አየኸው አለችኝ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ እርሳሱን እየቀረጽኩ፣ አልኳት።

«የእናቴ ሦስት ፎቶ አለኝ» አለች። «ፎቶው ላይ ግን ፎቶ የምትነሳ ሴት ናት። እኔ የፈለግሁት አባቴ እንዴት እንዳያት ነው። ንገረኝ። ምንም አታስቀር።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያን ድንጋይ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ አንድ ዓይን ብቻ ነበር። መላውን ለማየት ሞክሬ አላውቅም፤ እንደማይገባኝ ነበር የምቆጥረው። አሁን ከመነሻው ሄድኩ፣ እሳቸው በሠሩበት ቅደም ተከተል። ከጆሮዋ ነው የጀመሩት አልኳት፤ ጉትቻ የለውም፣ ቀዳዳው ብቻ። ከዚያ አንገቷ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ የሚያስቸግር ደንበኛ እንደሚሰማ ሰው። ሹሩባዋ ከግንባሯ ላይ አንድ መስመር ለቅቆ ነበር፤ እሱን ሁለት ቀን ሠሩት። ክርኗን የኬክ ቤቱ መስታወት ላይ ተደግፋለች። መስታወቱን ግን አልሳሉትም፤ ከክርኗ ይታወቃል። ዓይኗ የሚያየው ቀጥታ ሰዓሊውን ነው። ሊያ እንግሊዝኛዬ ያልደረሰበትን በቀስታ ትሞላልኛለች። ኢቬት ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ሦስታችንም ጨፍነን ሰው አይቶን ይሆናል።

«ትስቅ ነበር?» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ በዚያች በልጅነቷ አማርኛ።

ከንፈሯን ደግሜ አየሁት። ልሳሳት አልፈለግሁም።

«አልሳቀችም» አልኳት። «ልትስቅ ስትል ነው።»